ሆን ብዬ ያወሳሰብኩት ድልድይ

ጓደኛዬ ከባድ ኮድ ሲያነብ የታችኛውን ከንፈሩን በጥርሱ ይይዛል። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አንድ መስመር ላይ ይቆማል፣ ወደ ላይ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ያንን ፊት ለማየት ስል ሳምንቱን ሙሉ የምሠራበት ጊዜ ነበር።

ኑሯችን ከዚህ ጋር ብዙም አይገናኝም። እሱ ጁባ ውስጥ፣ አማራት በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የሀበሻ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ይሠራል። እኔ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ በአጎቴ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረን ሰው የለም። ትምህርቱን ዋይፋይ ባገኘንበት እያወረድን፣ ጉዴሌ ሰፈር በተከራየነው ክፍል ውስጥ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ እየተፈራረቅን ነው የለመድነው። እሱ በኋላ ሆቴሉ ክፍል ሲሰጠው ወደዚያ ሄደ፤ ላፕቶፑ ለእኔ ቀረ። ያወረድናቸው ትምህርቶች ሁሉ አንድ ምክር ይደጋግሙ ነበር። ኮድህን ሌላ ሰው እንዲረዳው አድርገህ ጻፍ፤ ስሞቹ ግልጽ ይሁኑ፤ መስመሮቹ አይጨናነቁ። ይህንን በደንብ ከለመድን በኋላ ተቃራኒውን ለጨዋታ ጀመርን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዳችን ትንሽ ነገር የሚሠራ ፕሮግራም እንጽፋለን፤ ሰላምታ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቁጥር የሚቆጥር። ከዚያ ሥራው ሳይበላሽ፣ ማንም አይቶ እንዳይረዳው አድርገን እናወሳስበዋለን። ሌላኛችን ደግሞ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ፣ በዓይኑ ብቻ አንብቦ ምን እንደሚሠራ መናገር አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴሉ ጄኔሬተሩን ለማሳረፍ ስለሚያጠፋው፣ ኮዱን አስቀድመን በሪሴፕሽኑ ፕሪንተር፣ አንድ ወገኑ ቀድሞ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ እናትመዋለን። ማሽኑ ጠፍቶ ስለሚቆይ ማጭበርበር አይቻልም። ያለን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ፕሮግራሙን አስነስተን መልሱን እናያለን። አንባቢው ካወቀው ወረቀቱ ተቀዶ ይጣላል። ካላወቀው ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው ላይ ያሉት በአብዛኛው የእኔ ነበሩ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስልኩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ከሁለት ቃል አይበልጥም፤ አጎቴ ነው የሚያስረዳው። ኮድ ላይ ግን ሰው ሊያየኝ የሚችልበት ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ክፍት ቦታ ያለ ምክንያት አልተውም። አንድ ፊደል ከመምረጤ በፊት ሦስት አራት እሞክራለሁ። ጓደኛዬ ከንፈሩን ነክሶ ሲያነብ ያ ሁሉ ድካም ገብቶ የሚቀመጥበት ቤት አገኘ እላለሁ።

ልጅቷ የመጣችው በአንዱ እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ድርጅት ስብሰባ ነበር፤ እሷ የድርጅቱ ሠራተኛ ናት፣ ወረቀት ማተም ፈልጋ ወደ ሪሴፕሽን መጣች። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ ትንሽ እንድትጠብቅ ነገራት። ረጅም፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ የዚህ አገር ልጅ ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ደግሞ ጠባቧ ክፍል በር አጠገብ ነው። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ ድምፁን እንኳን ሳይቀንስ፣ "ይቺማ እዚሁ ሥር ልትሰድብን ነው" አለ።

"ውሃ ካጠጣችሁኝ ችግር የለም" አለች። አማርኛዋ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው፤ ከእኔ የገጠር አነጋገር የጠራ።

ጁባ ውስጥ ሀበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይደርስበታል። አማርኛ ስናወራ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለን ይመስለናል፤ ስንት የዚህ አገር ሰው እኛ ጋ በስደት እንዳደገ ሁልጊዜ እንረሳለን። እሷም ጋምቤላ ካምፕ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች ናት። ጓደኛዬ ፊቱ ቀልቶ ማሌሽ እህቴ፣ ማሌሽ እያለ ይቅርታ እየጠየቀ የታሸገ ውሃ አወጣላት። እየሳቀች ጠጣች። ከዚያ በክፍቱ በር ግድግዳውን አየችና ተነስታ ገባች።

የቆመችው ከላይ ከተለጠፈው ወረቀት ፊት ነው፣ የእኔ። ጓደኛዬ ስለ ጨዋታው ያስረዳት ጀመር፤ እሷ ግን አልሰማችውም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ፣ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከመስመር መስመር ትሄድ ነበር። ውሃዋን ሳትጨርስ ፈታችው። የሳምንቱን ቀኖች ወደ ኋላ ይቆጥራል አለች፣ ከቅዳሜ ጀምሮ እስከ እሁድ። ትክክል ነው። ከዚያ አንዱ መስመር ላይ ተመልሳ፣ "ይሄ ግን ምንም ሥራ የለውም። እንድንደክምልህ ነው ያስቀመጥከው?" አለችኝ።

እንድንደክምልህ። አዎ፣ ለዚያ ነው። ያ መስመር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የደከምኩበት ነበር። አንገቴን ነቀነቅኩ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠው፤ ደንቡ ነው። ሲቀደው የነበረው ድምፅ አሁንም ይታወሰኛል፤ እሱ ግን ወረቀቱን እያየ አልነበረም የሚቀደው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሷን ይዛ መጣች።

የእኔ ፕሮግራሞች ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ። አንድ ፊደል ብቻ የሆኑ ስሞች፣ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ የት እንደሚጀምር የማይታወቅ ነገር። የእሷ ግን ንጹሕ ነበር። ስሞቹ ሁሉ ይነበባሉ፤ እንግዳ፣ ክፍል፣ ቀን፣ ሂሳብ ይላሉ። ትምህርቶቹ እንደመከሩን አድርጋ የጻፈችው ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ አነበብኩትና የሆቴል እንግዳን ሂሳብ ይደምራል አልኩ። በራሴ ተማምኜ ነው የተናገርኩት፤ ቀለለብኝ ብዬ ትንሽ ንቄው ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስሞቹ ሁሉ ውሸታቸውን እንደሆነ ታየ። "ደምር" የሚለው ይቀንሳል፤ "እንግዳ" የሚለው ውስጥ እንግዳ የለም፤ የሚደመረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ባዶ ይሆናል። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ መስመር ነው። "ይቅርታ፣ ክፍል የለንም" ይላል።

ጓደኛዬ ይህንን ቃል በቀን ስንቴ እንደሚናገረው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳቀ። ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ተነስቶ ሳቀ፣ ምግብ ቤት ሄዶ ለአስተናጋጆቹ ነግሮ ተመልሶ ሳቀ። በእኔ ፕሮግራም እንዲህ ስቆ አያውቅም። እኔን ሲያነብ ይጨነቃል እንጂ አይስቅም። መጨነቁን እንደ ክብር ነበር የማየው፤ ያን ቀን ግን መጨነቅ ምን ዋጋ አለው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ቅናት መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ሌላ ስም ልሰጠው አልሞከርኩም። አማራት ስደርስ ከቦዳቦዳ ሞተሩ ሳልወርድ የሳቃቸው ድምፅ ከመንገዱ ይሰማኛል። ስገባ ጓደኛዬ "መጣህ?" ይላል፤ ድሮ "ምን ይዘህ መጣህ?" ነበር የሚለው። የእሷን ወረቀት ካወቀው በኋላ እንኳን አይቀደውም፤ ለሌላ ሰው ላሳየው ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የእኔን ግን በኋላ አነበዋለሁ ብሎ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ይህንን ሁሉ ልብ የምለው ትንሽ ነገር ልብ ማለት ልማዴ ስለሆነ ነው፤ ልማዴ ባይሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን የእሷን ኮድ ሲያነብ የታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ። ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

አጎቴ ሱቅ ውስጥ የስልክ ብሎን ሁለቴ ስለጠፋብኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ማናት?" አለኝ። ማንም የለችም አልኩት። "ብሎን እንዲሁ አይጠፋም" አለ። አንዲት ልጅ የወደድኩ መስሎት ነበር፤ የሰማም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ልጅቷን አይደለም። እሷ ለእኔ ደግ ነበረች፣ ስመጣ ወንበር ትለቅልኛለች፣ ጽሑፌን ከማንም በላይ በትዕግሥት ታነባለች። ደግነቷም ያናድደኝ ነበር። የምፈልገው ያ የጓደኛዬ ፊት ወደ እኔ ወረቀት እንዲመለስ ነው። ይህንን ለአጎቴ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ሌላ ብሎን ፈልጌ ገጠምኩ።

ከዚያ የስብሰባው ነገር መጣ። ከተማው ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች አልፎ አልፎ በሆቴሉ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። አዘጋጆቹ ጓደኛዬን ከምሳ በፊት ሰው የሚያነቃ አንድ ነገር እንዲያቀርብ ጠየቁት፤ የእኛን ጨዋታ ሰምተዋል። እሱ ሁለታችንንም አስቀምጦ አዲስ ጻፉልኝ አለን። ጊዜው ጠባብ ስለሆነ የአንዳችሁን ብቻ ነው የማሳየው፣ የተሻለውን እኔ እመርጣለሁ አለ። እሷ ትከሻዋን ነቅንቃ "ታማም፣ እሺ" አለች። እኔ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የእኔ ይመረጣል ወይስ አይመረጥም ከሚለው በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ዝናብ ነበር። የጉዴሌ መንገድ እንደ ሊጥ ሆኖ ቦዳቦዳዎቹ እንኳን ከዋናው መንገድ አልፈው አይገቡም። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት፣ በሩን ከፍቼ ለብርሃኑ፣ እጽፍ ነበር። የመረጥኩት ድልድይ ነው፤ ነጭ አባይ ላይ ያለውን የብረት ድልድይ። ፕሮግራሙ ሲነሳ በሰረዝና በሰያፍ መስመሮች ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ይሥላል፣ የተጠላለፉትን ብረቶች ጭምር። ኮዱን የሚያየው ሰው ግን ድልድይ ቀርቶ ሥዕል እንደሚወጣው እንኳን መገመት የለበትም።

አንድ ችግር ነበረብኝ። የብረቱ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ምልክት ስለሚሰፋ፣ ቁጥር ሦስት ኮዱ ውስጥ በየቦታው ይመላለሳል። እሷ ሦስት ሲደጋገም ካየች፣ እዚህ የሚደጋገም ቅርጽ አለ ብላ ወዲያው ትጠረጥራለች። ስለዚህ ሦስት የሚለውን ቁጥር ጨርሶ ላለመጻፍ ወሰንኩ። መጀመሪያ ባለ ሦስት ፊደል ቃል አስቀምጬ ፊደሎቹን አስቆጠርኩ፤ ያንንም ታገኘዋለች ብዬ አጠፋሁት። በኋላ አንድ ነገር መጣልኝ። ኮምፒውተሩን፣ አንተ ያለህበት ሰዓት ከዓለም ሰዓት በስንት ይቀድማል ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ ሦስት ነው። ሦስቱን ከዚያ እየወሰድኩ ድልድዩን ሁሉ በእሱ ላይ ሠራሁት። ማንም ሰው የብረት ስፋት ሰዓት ውስጥ ተደብቋል ብሎ አያስብም። ያን ቀን ሱቅ የገባሁት ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው፤ አጎቴ አየኝና አሁንስ ነገሩ ተሳካ መሰለኝ አለ።

ወረቀታችንን አስረከብን። እርስ በእርስም ተለዋወጥን፤ እሷ የእኔን በፍላሽ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም የእሷን። የእሷ በቦዳቦዳ ነጂና በተሳፋሪ መካከል ያለ የዋጋ ክርክር ይመስላል። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይጠራዋል፣ መስመሮቹ እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የሚያሳየው መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ነው። ክርክሩ ሁሉ ለከንቱ። ሳቄ መጣ፤ ማንም ስላልነበረ ሳቅኩ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ይህንን መጻፍ እፈልጋለሁ ብዬ አይደለም። እንደ እሷ ማሰብ እፈልጋለሁ ብዬ ነው።

ከቀናት በኋላ ጓደኛዬ ሁለታችንንም ጠርቶ የእኔ እንደሚቀርብ ነገረን። እሷ በእጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ ደስ አላት፤ ደስታዋ የውሸት አልነበረም። እኔ ደግሞ የሰላም እጄን ዘርግቼ ስጨብጣት፣ በልቤ ያለው ነገር ከፊቴ እንዳይነበብ ወለሉን አይ ነበር። ወደ ጉዴሌ ስመለስ ነጂው የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ጭቃው ውስጥ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስሄድ ልጆች ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

የስብሰባው ቀን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደርን ነበር፣ ጓደኛዬና እኔ ብቻ። ከዚህ በፊት ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

"የቱ ቦታ ነው የያዘህ?"

አንድ ወንበር እንደያዘ ቆመ። "እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ? መሀሉ ላይ ትቼዋለሁ። አልገባኝም። እሷ ናት የእሱን ካላሳየህ ሁለተኛ አላናግርህም ያለችኝ።"

ወንበሩን አስቀመጠ። ሌላ አነሳ። ግድግዳው ላይ ስለተለጠፉትስ አልኩት፣ ስለ ድሮዎቹ።

"እነሱማ…" አለና ሳቀ። "ሲደክመኝ ተሸነፍኩ እላለሁ። አንተም ደስ ይልሃል።"

ክፋት የለበትም። እንዲያውም በፍቅር ነው የተናገረው፣ ለወንድም የሚደረግ ነገር እንደሆነ አድርጎ። እኔ ወንበር መደርደሬን ቀጠልኩ፤ ረድፉ ቀጥ እንዲል እያንዳንዱን እግር ከወለሉ መስመር ጋር አስተካከልኩ። የተነከሰው ከንፈር ምን ማለት እንደነበር አሁን አላውቅም። ምናልባት ርቦት ነበር። ምናልባት የሆቴሉን ሥራ እያሰበ ነበር። ስንት ቅዳሜ ደግሞ ያ ፊት የእሷ ወረቀት ላይ ስላረፈ ስቃጠል ቆይቻለሁ።

አዳራሹ ሞላ። ጓደኛዬ ኮዴን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየና በእንግሊዝኛ ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ሌላው ኪቦርዱ ላይ ድመት ተኝታበት ነው አለ። አንድ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሄንን የጻፈው ሰው ጤነኛ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሳቀ፣ ጓደኛዬም በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ከዚያ ድልድያችንን ታያላችሁ ብሎ በአዘጋጆቹ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን አስነሳው።

ድልድይ አልወጣም። የተበታተኑ ሰረዞች፣ እርስ በእርስ የማይገናኙ ሰያፎች፣ ከላይ መሆን ያለበት ከታች፣ እንደ ማገዶ የተከመረ ነገር ወጣ። ከኋላ አንዱ በጁባ አረብኛ፣ ኻላስ፣ አለቀ፣ ወንዙ ወሰደው አለ። አሁን ሳቁ ሌላ ነበር።

ወደ ፊት ወጣሁ። ላፕቶፔ ጉዴሌ ነው፤ ያልተወሳሰበው የመጀመሪያው ቅጂ እሱ ላይ ነው ያለው። ፊቴ ያለው ማንም እንዳያነበው ብዬ ራሴ የጻፍኩት ነው፣ እኔም ላነበው አልቻልኩም። ቅንፍ ስከተል ሌላ ቅንፍ ውስጥ እገባለሁ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ያስቀመጥኳቸው ፊደሎች እንደማላውቃቸው ሰዎች ያዩኛል። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ይላል። አላውቅም።

እሷ ከመሀል ረድፍ ሳትነሳ በአማርኛ ጠራችኝ።

"የዚህ ኮምፒውተር ሰዓት የጁባ ነው አይደል?"

እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ፣ መልሱን አብረን እንደምናውቅ ሰው። ያኔ ገባኝ። የጁባ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ሀበሾች ግን የስልካችንን ሰዓት አንቀይረውም፤ አገር ቤት ስንደውል እንዳንሳሳት፣ ጸሎቱም ጾሙም በእኛው እንዲሆን እንደነበረ እንተወዋለን። ላፕቶፔም ከመጣ ጀምሮ ሰዓቱ የአዲስ አበባ ነው። እሱ ሦስት ይላል። የአዳራሹ ኮምፒውተር ሁለት አለ። ስፋቱ ሦስት የሆነ ብረት ሁለት ላይ ሲቆም ሁሉም ነገር ይንሸራተታል።

እሷ መጥታ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀየረችው። ፕሮግራሙን አስነሳችው። ድልድዩ ከግድግዳው ዳር እስከ ዳር ቆመ፣ ብረቱ ሁሉ እንደተጠላለፈ፣ አንዲት ሰያፍ ሳትጎድል። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ በጁባ አረብኛ አስረዳቻቸው። ይህ ድልድይ የሚቆመው በሀበሾች ሰዓት ነው፣ በእኛ ሰዓት ይፈርሳል አለች። መልሳ ወደ ጁባ ቀየረችው፣ ፈረሰ። ወደ አዲስ አበባ፣ ቆመ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው፣ ለካ ለዚህ ነው ሀበሻ ሆቴል ቁርስ ቀድሞ የሚያልቀው አለ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር። ሰዎች ወደ እኔ እያዩ ነው የሚያጨበጭቡት።

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ጓደኛዬ አንገቴን አቀፈ። "ለእኔ እንኳን ሳትነግረኝ? ሆን ብለህ ነው አይደል?"

ፊቱ ቅርቤ ነበር። እንዲያይልኝ የምፈልገው ሁሉ እዚያ ፊት ላይ ነበር፤ አዎ ብል ይቆያል።

"አይደለም" አልኩ።

"ተወኝ ባክህ" ብሎ ጀርባዬን መታኝና ወደ እንግዶቹ ሄደ። አላመነኝም። እሷ ግን ገመድ እየጠቀለለች ነበር፣ ሰማች። እጇ ቆመ።

"አይደለም?" አለች።

ቁጥር ሦስትን ከእሷ ለመደበቅ ያደረግኩት እንደሆነ ነገርኳት። የጁባ ሰዓት ሌላ መሆኑ ትዝ እንኳን እንዳላለኝ ነገርኳት። ከተዋወቅን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬአት አላውቅም። ገመዱን ጠቅልላ ጨርሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"ቤቴ ሳስነሳው እኮ ፈረሰብኝ" አለች። "ተበላሽቶ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ ያቺን መስመር አገኘኋት። እዚህ እየኖረ እዚያ የሚቆጥር ሰው የጻፈው ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ይሄንን አገር እቆጥር እንደነበር ያወቅክብኝ መሰለኝ።"

ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችውን ገመድ አንስቼ ያዝኩ።

"ታዲያ ቀልዱ የማን ነው?" አለች።

"ያንቺ ነው" አልኳት።

"አልፈልገውም። እኔ አልጻፍኩትም" አለች። የተቀየመች አትመስልም። የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ሰው ትመስል ነበር፣ ግድግዳውን እያየች። ፕሮጀክተሩ ጠፍቷል፤ ግድግዳው ነጭ ነው። ከዚያ ምግቡ ሳያልቅ እንሂድ ብላ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

ጓደኛዬ ስለዚያ ቀን ለእንግዶች ሲያወራ አሁንም የእኔ ብልጠት አድርጎ ነው የሚያወራው። ሁለት ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ትሕትና ነው ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችንም እንገናኛለን። የእሱን ከንፈር ማየት ትቻለሁ። ወረቀቴን አሁን መጀመሪያ ለእሷ ነው የምሰጠው፤ ጓደኛዬም እፎይ ያለ ይመስለኛል።

ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ ቦታ ነው የቀየረው። አሁን የምቀናው ቤቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ባነበበችው በዚያ ፕሮግራም ነው። ፊደሎቹ አንድም ሳይቀሩ የእኔ ናቸው፣ ፕሮግራሙ ግን የእኔ አይደለም። እሷ ያየችውን ያየ፣ ያየውንም አውቆ ያስቀመጠ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን በሐሳቧ ውስጥ ነበር፤ ሰውየውን ባገኘው ደስ ይለኛል፣ ደስም አይለኝም። እሱ የሚጽፈውን ዓይነት ለመጻፍ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ እቀመጣለሁ። እስካሁን አልመጣልኝም።